ዋፋን በቀለች ያላት ሰውዬ

ክልል ከሆንን ወዲህ አሶሳ እንግዳ አይጠፋትም። ምንያህል የሚባለው እንግዳ ግን ለየት ይላል፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ስለ ልጆች ሊያጠና ነው። ስለ ልጅ ደግሞ ምን ይጠናል ብዬ ስስቅበት፣ «ልጅነት እዚህ አገር መቼ እንደሚያልቅ» አለኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ቁጭ ብያለሁ፣ በርታኛውን አስተርጉሚልኝ ሲለኝ እሺ አልኩ።

ጓደኛዬ ዋፋ ይሄን ስትሰማ አለቀቀችኝም። ገና ሰባተኛ ክፍል ናት፣ አባቷ ግን ለማህጁብ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ማህጁብ ድንበር ላይ ያለችው የኩርሙክ ነጋዴ ነው፣ ትልቁ ልጁ እኔን ይበልጣል።

«ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ሰውዬሽ ትልቅ ሰው ነው። እሱ ከተናገረ አባቴ ይሰማሉ» አለችኝ። እኔም እንደዛው ነበር የመሰለኝ።

ሦስታችን አንድ የማንጎ ዛፍ ስር ተቀመጥን። ምንያህል እንደ ልማዱ «የምትነግሪኝን ለማንም አልናገርም» ብሎ ጀመረ። ተረጎምኩላት።

«ለማንም ካልተናገረ ለምን ይጠይቀኛል?» አለች።

«ደንብ ነው» አለ።

ደንቡን ናቀችና ሁሉንም ነገረችው። እሱ ይጽፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ስትጨርስ በራሷ አማርኛ «አባቴ ጋ መቼ ነው የምትሄድ?» አለችው።

ብዕሩን አስቀመጠ። «አልችልም ዋፋ። ስምሽን እንኳን ቀይሬ ነው የምጽፈው፣ አንቺ መሆንሽን ማንም አያውቅም።»

«እንዲያውቁ ብዬ እኮ ነው የነገርኩህ።»

«ገብቶኛል። ግን አንዴ ካወራሁ ሌላ ልጅ አያምነኝም። የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሂዱ።»

«ሄደናል» አልኩት እኔ። «ሰሌዳው ተሰቅሏል፣ ሰው ገና አልተመደበም።»

ዋፋ ወረቀቱን እያየች «ማን ብለህ ጻፍከኝ?» አለች።

«በቀለች።»

ሳቀች። «እንግዲያ በቀለችን ያግባ። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

እኔም ሳቅኩ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

የዋፋና የማህጁብ ኒካ፣ የጋብቻው ውል፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ታሰረ። በማግስቱ ወደ ኩርሙክ የሚሄደው አይሱዙ መኪና ጨው ሲጭን ልሰናበታት ሄድኩ። ዋፋ ሂናዋ ገና አልደበዘዘም፣ ጋቢና ውስጥ ማህጁብ አጠገብ ተቀምጣለች። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ከኋላዬ መንገዱን ታያለች።

«ሰውዬሽስ?»

«ባምባሲ ሄዷል።»

«እዛ ምን አለው?»

«ልጆች ሊያናግር።»

አንገቷን ወደ ውስጥ መለሰች። ማህጁብ እጁን አሳልፎ መስኮቱን ዘጋው፣ አቧራ እንዳይገባባት።