የመስኮቱ ካሴት

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ሰብሰብ ብሎ መጸለይ ጴንጤን ያሳስር ነበር። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ፣ መዘምራኑ ተበትነው፣ የጎፋ አማኞች እሑድ ከሰዓት በኋላ በየተራ አንዱ ቤት ይገናኛሉ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ለስላሳ ይቀርባል፤ መስኮቱ ሥር ቴፕ ተቀምጦ ዘፈን ይከፈታል። የሚያልፈው አብዮት ጠባቂ «ልደት አላቸው» ብሎ እንዲያልፍ ነው። እነሱ ከዘፈኑ በታች በሹክሹክታ ይጸልያሉ። ዘፈን ኃጢአት ነው ብለው የሚያስተምሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ለመስኮት ሲሆን ግን ይሁን ተብሏል።

እማማ ገበያነሽን የሚያንገበግባቸው ይኸው ነው። እሳቸው ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው እፀገነት ዘፋኝ ናት። ገና በልጅነቷ መካኒሳ በነበረው ጸሎት ቤታቸው መዘምራን ውስጥ አፏን ስትከፍት ሰው ይንሰቀሰቅ ነበር። መዘምራኑ ሲበተኑ ሆቴል ገብታ ከባንድ ጋር ዘፈነች፤ ሽማግሌዎቹ ከኅብረቱ አገዷት። ባንዱ ለሥራ ናይሮቢ ሲሄድ አብራ ሄዳ በዚያው ቀረች፤ ቀበሌው ደግሞ ከዳተኛ አላት። ከናይሮቢ ስዊድን ተሻገረች። ሶል የሚሉትን የጥቁር አሜሪካኖች ዘፈን ስትዘፍን ፈረንጁ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭብላት ጀመር። ሸክላ አሳተመች፤ አገር ላገር እየዞረች አዳራሽ ትሞላለች ተባለ።

ጎፋ ላይ ግን ስሟን የሚያነሳ የለም። በየሳምንቱ የታሰረው፣ የታመመው፣ ፈተና የሚቀመጠው ሁሉ በስሙ እየተጠራ ይጸለይለታል። እማማ ገበያነሽም በየሳምንቱ «የኔንም ልጅ ጥሩልኝ» ይላሉ። ጸሎቱን የሚመሩት ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «መጀመሪያ ንስሐ ትግባ» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ስሟ ካልተጠራላት በምን ልትመለስ ነው? ብቻዋን በሰው አገር፣ የምትበላውን ማን ያውቃል፣ ቢያተኩሳት ማን ውሃ ያቀብላታል?

አየር መንገድ አስተናጋጅ የሆነች ጓደኛዋ ካሴቷን ይዛላቸው ከመጣች ከርማለች። ሽፋኑ ላይ እፀገነት ጎፈሬዋን ነፍታ፣ ትከሻዋን ራቁቱን ለቃ ትስቃለች። «በዚያ ብርድ!» ነበር እማማ ገበያነሽ ያሉት። ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልለው ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀበሩት። ቀበሌው እንዳይሰማ፣ አማኙ እንዳይሰማ ሲሉ እሳቸውም ሳይሰሙት ቀሩ።

ተራው እሳቸው ቤት በደረሰ እሑድ፣ ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ቴፑ የመስኮቱን ካሴት በላው። ጎረቤታቸው ማሚቴ ክሩን ጎትታ በእርሳስ ልትጠቀልለው ስትታገል ጭራሽ ተበጠሰ። ቤቱ ጭር አለ።

«ከበበው መንገዱ ላይ ነው» አለች ማሚቴ በመጋረጃው አጮልቃ። ከበበው የሰፈሩ አብዮት ጠባቂ ነው። «እማማ፣ ሌላ ካሴት የለም? ቶሎ ይበሉ እንጂ!»

እማማ ገበያነሽ ጓዳ ገብተው፣ እጃቸው ሽሮ እንደሆነ ካሴቱን ይዘው ተመለሱና ቴፑ ውስጥ ከተቱት።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ለመስኮት ነው፤ ምን ቸገርዎት።»

ድምፁ ዝግ ብሎ፣ ለራሱ የሚያወራ መስሎ ጀመረ። ከዚያ እየከበደ፣ እየወጣ ሄደ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ካሉት የገባው የለም። ግን ዘፋኟ ትንፋሿን በሰበሰበች ቁጥር እነሱ «አሜን» ይላሉ፤ እሷ ከፍ ስትል እጃቸው ከፍ ይላል። ማሚቴ ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰች። ጋሽ ደምሰው እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እማማ ገበያነሽ ብቻ አልጸለዩም። «ድምጿ ጎርነን ብሏል፤ ብርድ መቷታል» ይላሉ በሆዳቸው።

በሩ ተንኳኳ። ከበበው ጠመንጃውን አንግቶ ገባ። ለጸሎት ዓይናቸውን ጨፍነው ያላዩት የካሴቱ ሽፋን ከነፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከበበው ደግሞ ከእፀገነት ጋር አብሮ አደግ። ማሚቴ የዳቦውን ሳህን አንስታ ላዩ ላይ ዱብ አደረገችው።

«ማዘር! ድግስ አለና አትጠሩንም?»

«የልጅ ልጄ ልደት ነው» አሉ እማማ ገበያነሽ። ውሸትም አልነበረም፤ ወሩ ወሯ ነው።

«ታዲያ ባለ ልደቷ የታለች?»

«ትመጣለች» አሉ።

ከበበው ግን ጆሮውን ወደ ቴፑ ጥሏል። «ሶል እኮ ነው! ኧረ ማዘር፣ አራዳ ነሽ ለካ! ጥቁር አሜሪካዊት ናት አይደል?»

«ምን አውቄ ልጄ።»

ዳቦ ቆርሶ ያዘ። «ከፍ አድርጊው፤ አጥሩ ጋ ሆኜ ልስማ» ብሎ ወጣ።

ማሚቴ ሳህኑን አነሳች። ጋሽ ደምሰው ፎቶውን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። «እፀገነት ናት?»

«እሷ ናት። አሁን ጥሩልኝ።»

«እማማ፣ ይሄና ያ ለየቅል ነው። ዘፈኑ ለመስኮት ነው። ለጸሎቱ ግን ንስሐ…»

እማማ ገበያነሽ ተነስተው ቴፑን ዘጉት። ቤት ውስጥ የሳለ ሰው እንኳ መንገድ ላይ የሚሰማ ሆነ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ማሚቴ በሹክሹክታ።

«ስትሸሽጋችሁ ንስሐ ያልጠየቃችኋት፣ ስትጸልዩላት ነው የምትጠይቋት? ስሟ ካልተጠራ አልከፍትም።»

«ያስበሉናል እኮ!» አሉ ጋሽ ደምሰው።

«ይጥሯት።»

ከአጥሩ ማዶ ከበበው ጮኸ። «ማዘር! ምነው ዘጋሽው? ልምጣ እንዴ?»

ሁሉም ጋሽ ደምሰውን አየ። ጋሽ ደምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጌታ ሆይ፣ በሩቅ ስላለችው እኅታችን…»

«ስሟን!»

«…ስለ እፀገነት።»

«አሜን» አለች ማሚቴ ማንም ሳይቀድማት።

እማማ ገበያነሽ ቴፑን ከፈቱት። እፀገነት ካቆመችበት ቀጠለች። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ አላላቸውም። ጋሽ ደምሰው በጥርሳቸው መሃል ነው ያሉት፤ ተቻኩለውም ነው። እንዲህ የተባለ ይቆጠር ይሆን? በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ተራው የጋሽ ደምሰው ቤት ነው፤ ቴፑም የእሳቸው፤ ያን ጊዜ ማን ያስጠራላታል?

ድምፁን ከፍ አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸው ጀመሩ፤ ስለ ትከሻዋ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለምትበላው፣ ስሟን በየመሃሉ እየጠሩ።