ሳይሰበር የተጣለው ባትሪ

የጋንታው ሕግ አጭር ነበር፤ ያለቀ ባትሪ ሳይሰባበር አይጣልም። ለሬዲዮ የደከመ ባትሪ ለፈንጂ አይደክምም። አሜሪካኖቹ የጣሉትን ሁሉ፣ የምግብ ጣሳ ሳይቀር፣ ከኋላቸው እየተከተለ የሚለቅም ሰው እንዳለ በዚያ የቬትናም ወረዳ የከረመ ወታደር ሁሉ ያውቃል። ለቃሚውን ግን አንድም ቀን አላዩትም። ሲመጡ ሩዝ የሚያርሙ ሴቶች አሉ፣ ሲሄዱም ሩዝ የሚያርሙ ሴቶች አሉ።

ሬዲዮውን የሚሸከመው ኦርቪል ታኬት ነበር፤ ከኬንታኪ የከሰል ማዕድን አገር የመጣ፣ ወሬ የማይወድ። ሬዲዮው ከጀርባው ስለማይወርድ ጓደኞቹ ሚስቱ ይሏታል።

"ሚስትህ ዛሬም አኮረፈች?" ይለው ነበር ሩበን ኦቾዋ፣ መስመር በጠፋ ቁጥር።

"ያንተን ድምፅ ሰምታ ነው።"

ኦቾዋ ከሁሉም ፊት እየሄደ መንገዱን የሚያይ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ከፉ ላን መንደር በታች ባለው የሩዝ ማሳ ግድብ ላይ፣ ፈንጂ ሁለቱንም እግሮቹን ቆረጠው። ታኬት ሄሊኮፕተር ጠራ። ሲጭኑት ኦቾዋ ቦቲዬን እንዳትረሱ አለ። እሺ አሉት።

ሄሊኮፕተሩ ከሄደ በኋላ ሃምሳ አለቃ ኤሜት ብሩሳር ከጭቃው ውስጥ ቀጭን ሽቦ አገኘና ታኬትን አስከትሎ ሽቦውን ተከተለ። ሽቦው አንድ የቀርከሃ ጥላ ሥር አለቀ። ሰው የለም። የተረገጠ ሣርና አንድ ባትሪ ብቻ። ታኬት አገላበጠው። ጎኑ ላይ በሳንጃ ጫፍ የተጫሩ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ያለቀውን ባትሪ ከአዲሱ ለመለየት እንዲህ የሚጭረው እሱ ራሱ ነው።

የትኛው ባትሪ እንደሆነም አወቀ። ባለፈው ሳምንት አድፍጠው የዋሉበት ቦታ የቀበሩት ነው። ታኬት በድንጋይ ሊሰብረው ሲነሳ እጁን የያዘው ብሩሳር ነበር። ድምፅ ይሰማል፣ ቅበረውና እንሂድ ብሎት ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ እስኪሆን አብረው ቀበሩት።

ብሩሳር አሁን አውራ ጣቱን ጭረቶቹ ላይ አደረገ። "ጭቃ ነው" አለ።

"ጭቃ አይደለም፣ አለቃ።"

"እኔ ጭቃ ነው ካልኩህ ጭቃ ነው።"

ታኬት ባትሪውን ይዞ ተመለሰ። ጋንታው በዚህ መሐል መንደር ገብቶ ሰዎቹን ከየቤታቸው እያወጣ ኩሬው ዳር አስቀምጧቸዋል። ሽማግሌዎችና ሴቶች ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ ጥርሷን በቀለም ያጠቆረች አንዲት አሮጊት ከፊት ቁጢጥ ብላለች። ትናንት ዱባ ሸጣላቸው፣ ኦቾዋ በስፓኒሽ እማማ እያለ ሲቀልድባት እሷም በራሷ ቋንቋ ስትመልስለት ነበር። ዛሬ ማንም አልቀለደባትም። ወታደሮቹ ክብሪት በእጃቸው ይዘው መቶ አለቃውን ያያሉ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ግድቡ ላይ አልወጡም፣ ስለዚህ ያውቁ ነበር፤ ክሱ ይኸው ነው። ስህተትም አይደለም። ምናልባት ያውቁ ነበር። ቢናገሩ ደግሞ በማግስቱ ሌላው ወገን ይመጣባቸዋል።

መቶ አለቃ ፕሩዊት ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። መንደሩን ለማቃጠል የሻለቃው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ታኬት ሬዲዮውን ከፍቶ ጠየቀለት። ከወዲያ የመጣው ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ፈንጂው ከመንደሩ ለመውጣቱ ማስረጃ አለ ወይ?

"አለ በለው" አለ ፕሩዊት።

ታኬት የሬዲዮውን መነጋገሪያ ከአፉ አራቀ። "ጌታዬ፣ ባትሪው የእኛ ነው።"

"ምን ማለት ነው የእኛ?"

"እኔ የቀበርኩት ነው። ሳልሰብረው። ምልክቴ ይኸውና። የቀበርኩበት ደግሞ ከዚህ ሩቅ ነው፣ ወንዙን ተሻግሮ። እነዚህ ሰዎች እዚያ አይደርሱም።"

ፕሩዊት ባትሪውን ተቀብሎ አየ። ከዚያ ወደ ብሩሳር ዞረ። "ሃምሳ አለቃ፣ አንተ ታውቃለህ?"

ብሩሳር ኩሬውን ነበር የሚያየው። ጡረታው እንደደረሰና አገሩ ሲገባ የዓሣ ጀልባ እንደሚገዛ የጋንታው ሰው ሁሉ ሰምቷል። "እኔ ያየሁት ሽቦ ብቻ ነው፣ ጌታዬ" አለ።

ከኋላ አንዱ ወታደር ጮክ ብሎ አጠገቡ ላለው ነገረው፤ ታኬት ሚስቱን ትቶ ሌላ ቤት ገባ፣ ለነሱ ጠበቃ ሆነ አለው። ማንም አልሳቀም። እጅጌያቸው ላይ ያለው የኦቾዋ ደም ገና አልደረቀም።

ፕሩዊት ባትሪውን በእጁ መዘነው። እንዳለ፣ ሙሉውን፣ ኩሬው ውስጥ ወረወረው።

"አሁን የማንም አይደለም" አለ። "ጥያቄውን መልስለት።"

ታኬት ጓደኞቹን አየ። ነገም ከነዚህ ጋር ይሄዳል፤ ቢወድቅ የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው። ብሩሳርን አየ። ብሩሳር አላየውም። መነጋገሪያውን ተጫነና ጥርት ባለ ድምፁ ማስረጃ አለ፣ ከመንደሩ ነው አለ። ፈቃዱ ወዲያው መጣ።

የሣር ጣሪያ ለመንደድ ጊዜ አይፈጅም። ሰው አልሞተም፤ ፕሩዊት ይህንን በሬዲዮ ሁለት ጊዜ አስነገረው። የተቃጠሉት ቤቶች፣ የከርሞ ሩዝና አንድ ታስሮ የቀረ ዓሣማ ናቸው። ወታደሮቹ እሳቱ እስኪበርድ ሲጠብቁ ምሳቸውን በሉ። ጣሳዎቹን የረገጠ የለም፤ እዚያው ተጣሉ።

ጋንታው ሲነሳ ታኬት ከብሩሳር ኋላ ሆኖ ዞር ብሎ አየ። ጥርሰ ጥቁሯ አሮጊት ቀሚሷን ሰብስባ ኩሬው ውስጥ ገብታለች፤ ውሃው እስከ ጉልበቷ ነው። ቀስ ብላ በእግሯ የውሃውን ሥር እየዳሰሰች ትሄዳለች። ባትሪው የወደቀበት አካባቢ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ አለች።

"አለቃ" አለ ታኬት።

ብሩሳርም ዞሮ አይቷል። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው። እጇ ገና ውሃ ውስጥ ነው።

"ምንም አላየህም" አለ ብሩሳር። "ሂድ።"

ወደ ግድቡ ወረዱ። በሁለቱም በኩል ጭቃው ሰው ይውጣል፤ መውጫም መመለሻም ግድቡ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት የሚመለሱበትም እሱው ነው። ኦቾዋ ስለሌለ ፕሩዊት ከፊት የሚሄድ ሰው እየመረጠ ነበር።