ያልደረሰች ጊደር

ጊደሯ ቦራ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርማ ፈልጋ እምቧ ስትል አረፈደች። ጥሩብርሃን ወደ በረቱ ብትሄድ ባሏ ይርዳው ቀድሟት ቆሟል።

"ደርሳለች" አለ። "የጎረቤታችን የመንግሥቴ ኮርማ ርብ ወንዝ ዳር ነው፤ ልውሰዳት።"

"ፈለገች እንጂ የት ደረሰች? ዳሌዋን እየው እስኪ፤ ገና የጥጃ ዳሌ ነው። አንድ ክረምት ይለፋት።"

"ራሷ እየጠራችው?"

ጥሩብርሃን በልጅነቷ ለይርዳው ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስታምጥ፣ በቃሬዛ ሐሙሲት ጤና ጣቢያ ድረስ ተሸክመዋት ነበር። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ይርዳው ራሱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ሆኖም ስለዚያ ቀን ሁለቱም አንስተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ይርዳው ጊደሯን ነድቶ በኮርማው አስጠቃት።

ከዚያ ወዲያ ጥሩብርሃን ፍርሃት ገባት። የቦራ ሆድ በየወሩ ይገፋል፤ ዳሌዋ ግን ያው ነው። ጠዋት ጠዋት በረቱን ስትከፍት በእጇ ትዳስሰዋለች። መኖ ልትጨምርላት ታስብና ጽንሱ ይገዝፍባታል ብላ ትተዋለች፤ ደግሞ እናቲቱ አቅም ታጣለች ብላ ትመለሳለች። ሌሊት በረት ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ትባንናለች።

ምጡ የመጣው ሜዳው ውሃ በተኛበት ሰሞን፣ በጠዋት ነው። ቦራ የሩዙ ማሳ ዳር ተጋድማ አገኟት። ሁለት ሰኮናዎች ብቅ ብለዋል፤ የጥጃው ራስ ግን የለም። ይርዳው ገመድ አነሳ።

"እንዳትጎትት" አለችው። "ትቀደዳለች። ሐኪሙን ጥራው።"

የእንስሳት ሐኪሙ ሰውመሆን ከወረታ እስኪደርስ ጥሩብርሃን የጊደሯን ራስ ታቅፋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ቦራ ባማጠች ቁጥር የእሷም ወገብ አብሮ ይጨመደዳል። እግሯ በረደ።

ሰውመሆን ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ጭቃውን አቋርጦ መጣ። ክንዱን ታጥቦ መረመራት።

"አንገቱ ወደ ኋላ ዞሯል፤ መውጫውም በጣም ጠባብ ነው። ሁለቱንም ማትረፍ አልችል ይሆናል። ለማን ልድረስ?"

ይርዳው ሚስቱን አየ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ለእሷ" አለ። "እሷን አትርፍልን።"

ጥጃው ሞቶ ወጣ፤ ወንድ ነበር። ቦራ ግን አልተነሳችም። መርፌ ተወጋች፣ በጆንያ ከሆዷ ስር ደግፈው አነሷት፤ ተመልሳ ወደቀች። ጥሩብርሃን ዓይኗ ሲፈዝ እያየች ስሟን ትጠራለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ተስፋ ቆርጠው ባረፉበት፣ ጊደሯ የኋላ እግሮቿን ተክላ ተንገዳግዳ ቆመች። መሬቱን እያሸተተች ጥጃዋን ፈለገች።

"ዳግመኛ መቼ እናስጠቃት?" አለ ይርዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ዕድሜዋን ብቻ አትዩ" አለ ሰውመሆን። "መጀመሪያ ትዳን። ሰውነቷ ሲሞላ፣ ዳሌዋ ሲሰፋ ታውቃላችሁ።"

"እኔ አላውቅም" አለ ይርዳው። ወደ ሚስቱ ዞረ። "ያኔም አላወቅሁም፤ አንቺም ለመውለድ እንዳልደረስሽ ማለቴ ነው። አሁን ግን አንቺ ደርሳለች ካላልሽ ከበረት አትወጣም።"

ጥሩብርሃን፣ ጊደሯ ዳግመኛ እንዳትወድቅ ፈርታ በሁለት እጇ አንገቷን ይዛ ቆየች፤ ይርዳውም መጥቶ በወዲያኛው ጎን ደገፋት።