ሁላችንም ክላክስ ያስጮህንበት ምሽት

በጨለማ ሜዳ መካከል አንድ መኪና በድንገት መብራቱን ቢያበራ ምን ታደርጋላችሁ? «ምን ሆኖ ይሆን?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? አትዋሹኝ። ነብራስካ ውስጥ፣ በሜዳ ሲኒማ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ክላክሱ ላይ ይተኛል።

ደንባችን ነበር። ፊልሙ ሲጀመር የሁሉም መኪና መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያበራ ሰው ስክሪኑን ስለሚያደበዝዝ፣ እስኪያጠፋ ድረስ ሜዳው በሙሉ በክላክስ ይጮህበታል። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። እንዲያውም ከፊልሙ ይልቅ ጩኸቱን የሚወድ ነበር።

በ1961 ነሐሴ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ቮንዳ አሥራ አራት። አባታችን አረንጓዴ ፎርዱን ሲሰጠኝ ቁልፉን ወዲያው አልለቀቀልኝም።

«አርሊስ፣ እህትሽን ብቻዋን እንዳትተያት።»

«እሺ አባባ።»

ቮንዳ አስም ነበረባት። መድኃኒቷ ጎማው ሲጨመቅ ወደ አፍ የሚረጭ ትንሽ ብልቃጥ ነው። ቀሚሷ ኪስ ስላልነበረው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ከተትነው።

ሳይመሽ የሲኒማው ባለቤት ሚስተር ኦርቪል ስታድለር እንደ ልማዱ በጭነት መኪናው በየረድፉ እየዞረ የትንኝ መድኃኒት አጨሰ። ነጭ ጭስ ሜዳውን ሸፈነው፤ ሕፃናት ከኋላው እየሮጡ ይጨፍሩበታል። እኛም በጊዜያችን ጨፍረንበታል። እኔ በሾፌሩ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁ፣ ቮንዳ የራሷን ዘጋች። ሁለት ሦስት ጊዜ አሳላት።

ጭሱ ሲሳሳ ሊላንድ መጣ። ያን በጋ ሙሉ እንዲያናግረኝ ስጠብቀው የነበረ ልጅ ነው። የቮንዳን መስኮት አንኳኳ፤ ትንሽ ዝቅ አደረገችለት።

«ቮንዳ፣ እህትሽን ለግማሽ ሰዓት አበድሪኝ።»

«ውሰዳት! ከፈለግህ አትመልሳት። ፊልም ስታይ አፏ አይዘጋም።»

«አንቺ ምላሳም!» አልኳት። «ግን ደህና ነሽ? ሲያስልሽ ነበር።»

«ኧረ እማማን አትሁኚብኝ። ሂጂ! ስትመለሺ ፈንዲሻ ይዘሽልኝ ነይ፣ ቅቤ የበዛበት።»

ሄድኩ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ሄድኩ።

የሊላንድ መኪና መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር፣ የእኛ ፎርድ ሦስተኛው ላይ። ፊልሙ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄደ ከፊት የአንዱ መኪና መብራት በራ። ጠፋ። እንደገና በራ። የየትኛው እንደሆነ ከኋላ ሆኖ መለየት አይቻልም። ወዲያው ሜዳው በጩኸት ተናጋ።

«ማነው ይሄ ከብት?» አለ ሊላንድ።

በላዩ ላይ ተንጠራርቼ ክላክሱን በሁለት እጄ ተጫንኩት። «አጥፋ! አንተ ደንቆሮ፣ አጥፋ!» እያልኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ እየሳቅሁ።

«ላሙ ጠፍታበት እየፈለጋት ነው!» አለ አንድ ሰውዬ ከጎናችን። ይበልጥ ሳቅን።

የዚያ መኪና ክላክስም ጮኾ ከሆነ ማን ሊሰማው? እኛው ነበርን ያፈንነው።

ከዚያ የስታድለር የእጅ ባትሪ በረድፎቹ መካከል ስትሄድ አየሁ። ባትሪዋ መኪናው ዘንድ ቆመች። መብራቱ ጠፋ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በእረፍቱ ፈንዲሻ ገዝቼ ወደ ፎርዱ ሄድኩ። ቮንዳ ከመቀመጫዋ ወደ ሾፌሩ ቦታ ተስባ፣ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታለች። የተኛች መሰለኝ።

«ተነሺ እንጂ፣ ቅቤ የበዛበት ነው» አልኳት።

ፊቷን ቀና ሳደርገው ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ብልቃጡን አፏ ውስጥ አድርጌ ጨመቅሁት። ጨመቅሁት። ከአምስተኛው ረድፍ አንድ ሐኪም እየሮጠ መጥቶ እጄን ያዘኝና «ይበቃል፣ ልጄ» አለኝ። ከቀብሩ በኋላ ቤታችን መጥቶ፣ እሱም ክላክሱን አስጩኾ እንደነበር ነግሮኝ አለቀሰ። ይህን ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ስታድለር ፖሊሶች ሲጠይቁት እንዲህ አለ፦ «እኔ ስደርስ ራሷ አጠፋችው። ደህና ነበረች።» ይህችኑ ጽፈው መዝገቡን ዘጉት። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ለምን ተውሻት?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገር ግን እኔ የዘጋሁት የሾፌሩ መስኮት ስመለስ እስከ ግማሹ ተከፍቶ ነበር። የፎርዱ መብራት ማጥፊያ ደግሞ ከዚያ መስኮት አጠገብ ነው፤ ውጭ የቆመ ሰው እጁን ቢያስገባ ይደርስበታል። ቮንዳ አየር አጥሯት ራሷ ከፍታው ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ግን ትንፋሽ ያጠራት ልጅ፣ ሰው እንዲያያት ብላ ያበራችውን መብራት፣ ሰው አጠገቧ ሲደርስላት ታጠፋለች? ይህን የምታምኑ እመኑ!

ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ። የከተማችን ኮሚቴ ያን ሜዳ መናፈሻ አድርጎ በስታድለር ስም ሊሰይመው ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪኖቻችንን ደርድረን፣ «ለጣፋጩ ወጣትነታችን መታሰቢያ» አንድ ደቂቃ ክላክስ እንድናስጮህ በየቤታችን ወረቀት በትነዋል። ጣፋጭ! እህቴ በዚያ ድምፅ ውስጥ ሞተች፤ እናንተ ደግሞ በዚያው ድምፅ ልታመሰግኑት ነው።

ሚስተር ስታድለር፣ የእኔን ተናግሬአለሁ። እህቴን ትቻት ሄድኩ፤ መድኃኒቷ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እሷ ስትጣራ እኔ ሳቅሁባት። ይህን በስሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት ጻፍኩት። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ደብዳቤ አይላኩብኝ፣ ቄስም አይላኩብኝ። ቅዳሜ ማይክሮፎኑ ሲሰጥዎ፣ አንድም ክላክስ ሳይጮህ፣ ከሕዝቡ ፊት ቆመው ይመልሱልኝ፦ ያን መብራት ያጠፋው የማን እጅ ነው? የእርስዎ ከሆነ ደግሞ፣ ባትሪዎን ፊቷ ላይ አብርተው ነበር?