አዎን የለመደ ጣት

ዩስር ያን ቀን ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ከተማ ወዳለው የፕሮግራመሮች ማኅበር የመጣችው ቆርጣ ነው። ማኅበሩ የሠራው ኩፋ፣ ከገበያ ዘንቢል ስሙን የተዋሰው፣ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የሚጭንና የሚያነሳ መሣሪያ ነው፤ አዲሱ እትሙ በዚያ ሳምንት ይወጣል። የእሷ ማሻሻያ ዛሬ ካልገባ ሌላ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው።

ነገሩ እልህም ነበረበት። አምና በምትሠራበት ማሠልጠኛ ውስጥ አንድ አሮጌ የፕሪንተር ፕሮግራም ለማንሳት በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ ጻፈች። ኩፋ አብረው የሚነሡትን በአርባ መስመር ዘረገፈና «ልቀጥል?» አላት። አዎን አለች። ለካ ከአርባው መሃል የስክሪኑ ፕሮግራም ተሸጉጦ ኖሯል፤ እሱም አብሮ ድራሹ ጠፋ። በፈተና ዋዜማ አሥራ አንድ ኮምፒውተር ጨለመ። ኩፋን የፈጠሩት ሲ ሞንሴፍ («ሲ» እዚያ እንደ አቶ ነው) አቤቱታዋን ሰምተው «አላነበብሽም» ብለው ዘጉት። ያቺ ቃል እስካሁን ታንገበግባታለች፤ ምን ታድርግ፣ እውነትም አላነበበችም። ግን ማን ያነባል?

«ልጄ፣ ኩፋ ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቷል» አሉ ሲ ሞንሴፍ ዛሬም፣ ፍሪካሴያቸውን፣ በዘይት የተጠበሰውን ሳንድዊች፣ እየገመጡ። «ለማንበብ ለሰነፈ ሁሉ መሣሪያ አንቀይርም።»

«እሺ ሲ ሞንሴፍ። እስቲ ከዚህ ላፕቶፕ የፕሪንተሩን ፕሮግራም ያንሱልኝ። ያለበት የድሮው ኩፋ ነው።»

«በዚህ ልትፈትኚኝ?»

ናቁት። ጣታቸው ሮጠ፣ አርባው መስመር ተዘረገፈ፤ እሳቸው እቴ፣ ፊታቸውን አጠገባቸው ወደተቀመጠው የማኅበሩ አባል ወደ ኸሚስ አዙረው እየቀለዱ አዎን አሉት። ስክሪኑ ድርግም አለ።

ኸሚስ ምላሱ አያርፍም። «ሲ ሞንሴፍ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዩስር ሳትስቅ ሁለተኛውን ላፕቶፕ አቀረበችላቸው። «ይሄ የእኔው ኩፋ ነው። ያንኑ ትእዛዝ ይጻፉና እንደ ቅድሙ ሳያዩ አዎን ይበሉት።»

አሉት። ኩፋ ንቅንቅ አላለም። አርባ መስመሩ የለም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጽፏል። ሲ ሞንሴፍ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «የስክሪኑ ፕሮግራም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥቁር መስኮት ብቻ ይቀርዎታል። ይህንን ከፈለጉ ‹ስክሪን› ብለው ይጻፉ።»

«ድሮ የተጻፉት አውቶማቲክ ትእዛዞችስ? አይበላሹም?» አሉ ሲ ሞንሴፍ።

«እንደነበሩ ይሠራሉ። የሚጠየቀው በእጁ የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው።»

ሲ ሞንሴፍ ደግመው አነበቡት። ፍሪካሴውን ረስተውታል።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስቆጣ ኖርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥፋቱ የኔ ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው ወንበራቸውን ለቀው ተነሱ። የኩፋ ዋና ኮድ ውስጥ እስከዚያች ቀን ከእሳቸው እጅ በቀር የማንም እጅ ገብቶ አያውቅም።

«ነይ ተቀመጪ። አንቺው አስገቢው።»

ዩስር ተቀመጠች። ከደስታዋ ብዛት ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ማሻሻያዋ ገባ። ቀና ስትል ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡት ሲ ሞንሴፍ ነበሩ።