አረንጓዴው ሰውዬ

«አባባ እየተራመደ ነው!»

ሳሎን የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩት። አለቃ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ ስልኩን ከፍ አድርጎ ለለቀስተኞቹ አሳየ። ፊቱ በደስታ በርቷል። አባቱን የቀበሩት ከትናንት በስቲያ ነበር።

«ምስኪን፣ አልገባውም እኮ» አለች አንዷ ጎረቤት። በሹክሹክታ መናገሯ ነበር፣ ግን እስከ ኩሽና ተሰማ።

እህቱ የሻይ ትሪ ይዛ ስትወጣ ሰማች። ወንድሟ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፣ ከገባው ግን አይለቅም። የአባታቸውን ሞት ከነገረችው ወዲህ አንድም ዘለላ እንባ አልወጣውም። ቀብሩ ላይ ሰው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ቆመ እንጂ። ጠዋት ደግሞ «እንደ ሁሌው ወጣ ብለህ ተራመድ» ብትለው፣ «አባባ ቀድሞኛል፣ መጥቶ ይውሰደኝ» ብሎ እንቢ አለ።

አለቃ የሚለው ስም፣ ካልፈለገ ማንም ስለማያዘው አባቱ ያወጡለት ነው። ሐኪሙ «ይሄ ክብደት ለልቡ አያዋጣም፣ ይንቀሳቀስ» ካለ በኋላ ቤተሰቡ ያልሞከረው ልመናና ቁጣ አልነበረም። አለቃ ግን ከሶፋው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ የሚውልበት ማእከል አሰልጣኝ አንድ መተግበሪያ በእሱም በአባቱም ስልክ ላይ ጫነች። ሁለት ትናንሽ ሰዎች አሉበት። ቢጫው እሱ ነው፣ አረንጓዴው አባቱ። ሁለቱም ስልካቸውን ይዘው ሲራመዱ ሰዎቹም ይራመዳሉ። አንዱ ከቀረ የእሱ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል።

አባትየው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ጥግ ካለው ሱቅ ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሱ ሰው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ ኖሬ፣ በስተርጅና በእግሬ ልንከራተት?» ብለው ነበር። በማግስቱ አለቃ ጫማውን አድርጎ አልጋቸው ራስጌ ቆመ።

«አባባ፣ ሰውዬህ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያሳፍራል።»

እየተነጫነጩ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አብረው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ማን ማንን እንደጎተተ ይከራከራሉ። አለቃን ሱሪው ሰፋው። አባትየው በሥራ ዘመናቸው ልጃቸውን የሚያዩት ተኝቶ ነበር፤ የተዋወቁት ገና በእግር ጉዞው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እህትየው ባዶውን ትሪ ይዛ ስትመለስ አክስታቸው ኩሽና ድረስ ተከትላት ገባች።

«ስሚኝ፣ ተይው። ምን ይጎዳሻል? አባቱ ውጭ ነው ብሎ ካሰበ ደስ ብሎት ይውላል።»

«እስከ መቼ፣ አክስቴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ለቅሶው እስኪያልፍ።»

እህትየው ሳሎን ተመልሳ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ስትቀመጥ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

«ቆመ» አለ አለቃ። «አባባ ደከመው።»

በሩ ተንኳኳ። ልትከፍት ተነስታ ሄደች።

«ተነሳ! አየሽ እትዬ፣ ተነሳ!»

ሳሎኑ መሀል ቀጥ አለች። እጇ ወደ ሹራቧ ኪስ ገባ። የአባቷ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች ለማጽናናት የሚደውሉት በእሳቸው ስልክ ነው፤ እንዳያመልጣት ብላ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ኪሷ ውስጥ ይዛዋለች። ከኩሽና ሳሎን ስትመላለስ አረንጓዴውን ሰውዬ የምታራምደው እሷው ነበረች።

ስልኩን ማጥፋት ቀላል ነው። ግን ሰውዬው ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ አለቃም ይጠብቀዋል። መጠበቅ ያውቅበታል። ፈራች።

ወንድሟን አባታቸው ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ይሄ የማን ስልክ ነው?»

«የአባባ።»

«እየኝ እንግዲህ።» ስልኩን ይዛ እስከ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ተመለሰች። አረንጓዴው ተራመደ። አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ተቀመጠ።

አለቃ ስልኩን ከአልጋው አንስቶ ራሱ ሞከረው። ሁለቱም ሰዎች አብረው ተራመዱ። አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው፣ ደግሞ አስቀመጠው።

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው።»

«አባባስ?»

«ሞቷል፣ አለቃዬ። ነግሬህ ነበር።»

«ነግረሽኛል» አለ። «ግን ሲራመድ አየሁት።»

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። አክስትየው በሩን በርግዳ «አላልኩሽም?» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሳትጨርሰው እሷም ማልቀስ ጀመረች። እህትየው ወንድሟን አቅፋ፣ ሰው ስታስተናግድ ጊዜ ያጣችለትን እንባ ሁሉ አወረደችው።

አመሻሹ ላይ እንግዳው ሳሳ ሲል አለቃ ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን አድርጎ መጣ።

«እትዬ፣ ነይ እንሂድ።»

«በለቅሶ ቀን የምን ሽርሽር ነው?» አለች አክስትየው። «ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል» አለች እህትየው፣ ነጠላ ጫማዋን እየቀየረች።

የአባታቸውን ስልክ አልጋው ላይ ትተውት ወጡ። ከሥራ የሚመለሰው መኪና መንገዱን ሞልቶታል። ሳታስበው በመኪናው በኩል ሆና መራመድ ስትጀምር አለቃ ቆመ። ትከሻዋን ይዞ በግንቡ በኩል አደረጋት፣ እሱ ዞሮ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ መጣ።

«እዚህ ጋ የሚሆነው አባባ ነበር» አለና ክንዷን ይዞ መራመድ ጀመረ።