የአባቴ የተጣሉ ሰዓቶች

አባቴን ሰነፍ ያለ ሰው ፀቡ ከእኔ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከአስተማራቸው ልጆች ሁሉ ጋር ነው። ዕድሜ ልኩን የስፖርት መምህር ነበር። በስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። ሰፈሩም፣ የድሮ ተማሪዎቹም፣ እናቴም ሳትቀር «ፊሽካ» እያሉት ነው የኖሩት። ተማሪ ፑሽአፕ ሲሠራ ደረቱ መሬት ካልነካ አይቆጥርለትም። እኔንና እህቴንም በዚሁ ነው ያሳደገን። «ግማሽ ወርዶ የተነሳ አልወረደም» ይልና እንደገና ያስጀምረናል። ብናለቅስም አይራራም ነበር።

እናቴ ካረፈች ዓመት አለፋት። ከዚያ ወዲህ ታላቅ እህቴ የምትዘፍነው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ አባባ ብቻውን መኖር የለበትም፣ እኔ ቤት ይምጣ። እሱ ደግሞ ፍንክች አይልም። «ያንቺ ልጆች ቤቱን በአንድ እግሩ ነው የሚያቆሙት። እዚያ ከመጣሁ አንዲት ደቂቃ አርፌ አልቀመጥም» ይላታል። እኔ ከአባቴ ጎን ቆምኩ። ጠዋት ጠዋት ሲራመድ ያየ ሁሉ ይመሰክርለታል፤ ግቢውን የሚጠርገው ራሱ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ከእኔ ይልቅ ትንፋሽ አለው። ደግሞም ያ ቤት ሲዘጋ ማየት አልፈልግም። እናቴ ባትኖርበትም የእናቴ ቤት ነው።

«አንቺ በፍቅር ዓይን ስለምታዪው ነው» አለችኝ እህቴ አንድ ቀን፣ ሦስታችንም ባለንበት። «ሥራሽ መለካት አይደል? ለኪውና አሳዪኝ። ሰው የሚንቀሳቀሰውን ያህል ከተንቀሳቀሰ ሁለተኛ አላነሳውም። ካልሆነ ግን ይመጣል፤ አለቀ።»

እኔ መልስ ሳልሰጥ አባቴ ቀደመኝ። «እለካለሁ» አለ። ውድድር ሲባል ድሮም ወደ ኋላ አይልም።

የምሠራው የሰው አካል እንቅስቃሴ በሚጠናበት የምርምር ክፍል ነው። በአንዱ ክፍል የመሮጫ ማሽን አለ። ሰዉ ጭንብል አጥልቆ ይሮጥበታል፣ እኛ የሚተነፍሰውን አየር እንለካለን። በሌላው ክፍል ሰዎች ተቀምጠው መጠይቅ ይሞላሉ። እኔ መጠይቁን ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሰው ዕድሜውን ይደብቃል ይባላል፤ ስለ እግሩ የሚያወራው ውሸት ግን ከዚያ ይብሳል። ቦርጩ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰውዬ «በየቀኑ እሮጣለሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ፊርማውንም ያኖራል። ስለዚህ ነው መለኪያ የምናስታጥቃቸው። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ነገር ናት፤ በላስቲክ ቀበቶ ወገብ ላይ ትታሰራለች፣ ወገብ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትመዘግባለች። ይሉኝታ የላትም። እኔም የምወዳት ለዚህ ነው።

ከመለኪያዋ የሚመጣውን የሚያጠራው «ወንፊት» የምንለው ባልደረባዬ ነው። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ከደንቦቹ ሁሉ የሚኮራበት ግን አንድ ነው። መለኪያዋ ከአንድ ሰዓት በላይ ምንም ካልመዘገበች፣ ሰውየው ቀበቶውን አውልቆታል ማለት ነው። ያ ጊዜ ይጣላል፣ አማካዩ በቀረው ይሰላል። ወንፊት ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዳ ደስ ይለዋል። «ነፍስ ያለው ሰው ተቀምጦም ያሳክከዋል፣ ያስለዋል፣ ሻይ ያምረዋል። ጭራሽ ዝም ካለ ቀበቶው ምስማር ላይ ተሰቅሏል» ይላል። እኛም በየጊዜው እንስቃለን።

ለአባቴ ቀበቶውን ወስጄ ሳስረክበው፣ «የምታወልቀው ስትታጠብና ስትተኛ ብቻ ነው» አልኩት።

«ትእዛዙ ገብቶኛል» አለና ከሸሚዙ በላይ፣ ሰው እንዲያይለት አድርጎ ታጠቀው። የተሸለመ ነበር የሚመስለው።

ሳምንቱ ሲሞላ ውጤቱን ከወንፊት ኮምፒውተር ላይ አየሁትና እጄን በአፌ ጫንኩ። የአባቴ አማካይ ከብዙዎቹ ወጣቶቻችን ይበልጣል። ጠዋቱ ሌላ ነው፤ ግራፉ እንደ ተራራ ተቆልሏል። ስልኬን አንስቼ አፌን ሞልቼ ለእህቴ ነገርኳት። «እሺ፣ እንኳን ተሳሳትኩ» አለች። ከልቧ ነው ያለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን እፎይታ አልነበረም።

ስልኩን ስዘጋ ወንፊት ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አባትሽ ጎበዝ ናቸው። ቀበቶውን ግን ያወልቁታል። ከምሳ በኋላ እስከ ማታ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። የቀረው ጊዜ ስለሚበቃ ውጤቱ ይያዛል፤ ለማወቅ ያህል ብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። ቱታ ያልለበሰ ተማሪ ከሜዳ ሲያባርር የኖረ ሰው እኔን፣ የገዛ ልጁን፣ ባልደረባዬ ፊት ያሳፍረኛል? ወዲያው ደወልኩለት።

«አባባ፣ ቀበቶውን ለምን ታወልቃለህ?»

«አላወለቅኩም።»

«ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ...»

«አላወለቅኩም አልኩሽ እኮ።»

«መሣሪያው አይዋሽም፣ አባባ።»

«እኔስ እዋሻለሁ?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» ብሎ ዘጋው። አባቴ ስልክ ሲዘጋብኝ የመጀመሪያው ነበር።

ደረቅነቴ ከማን እንደመጣ ይታወቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ቀበቶውን እንዲደግመው አደረግኩ፣ እሱም እልህ ይዞት ታጠቀው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከሥራ ወጣሁና እጅ ከፍንጅ ልይዘው ሳልደውል ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

በሩ አልተቆለፈም። ኮሪደሩን በቀስታ አልፌ የሳሎኑ በር ጋ ስደርስ አየሁት። መስኮቱ ሥር እንደ ድሮው ሁለት ወንበሮች ትይዩ ተቀምጠዋል። በአንዱ እሱ አለ፣ ጎኑን ሰጥቶኝ። የእናቴ ወንበር ባዶ ነው። ቀበቶው ከሸሚዙ በላይ፣ እኔ እንዳሳየሁት፣ በትክክል ታስሯል።

ተኝቶ ይሆናል ብዬ ዓይኑን አየሁ፤ ተከፍቷል። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባዶውን ወንበር ያያል። እስኪንቀሳቀስ ጠበቅኩ። የእኔ ሥራ ይኼው ነው፤ ሰው ሳያውቀው ጣቱን ሲያወዛውዝ፣ ክብደቱን ከአንዱ ጎኑ ወደ ሌላው ሲያዛውር አይቼ እጽፋለሁ። አባቴ አላሳከከውም፣ አላሳለውም፣ ሻይም አላማረውም። እጁ ላይ ዝንብ አረፈች፣ ሄደች፣ ተመልሳ አረፈች። መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ግድግዳው እስኪዞር እኔም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያኔ የታሰበኝ እሱ ብቻ አይደለም። ወንፊት ያበጠራቸው፣ ምስማር ላይ ሰቅለውታል ብለን የሳቅንባቸው ሰዎች ሁሉ ታሰቡኝ። ከመካከላቸው ስንቱ እንዲህ ተቀምጦ እንደነበር ማን ያውቃል?

ቦርሳዬ ከትከሻዬ ሲወርድ ሰማኝ። ከመቅጽበት ብድግ አለና ትከሻውን ማፍታታት ጀመረ።

«አሁን ገና ቁጭ ማለቴ ነው» አለ።

«አባባ፣ ቆሜ ሳይህ ቆይቻለሁ።»

እጁን አወረደ። ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ የእናቴ ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልደፈርኩ እግሩ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት።

«ጠዋት ደህና ነኝ። ጠዋትን እግሬ ያውቀዋል» አለ። «ከምሳ በኋላ ግን የእሷ ሰዓት ነበር። ታውቂያታለሽ እናትሽን። መስኮቱን ክፈት፣ ነፋስ ገባ ዝጋ፣ መነጽሬን፣ ያኛውን አይደለም ሌላኛውን፣ በሩን ማን አንኳኳ። አንዴ ቁጭ አድርጋኝ አታውቅም። እኔም ስነጫነጭ ኖርኩ።» ፈገግ አለ። «አሁን የሚያስነሳኝ የለም። ልነሳ እላለሁ፤ ለምን እንደምነሳ ይጠፋኛል።»

አንጀቴን በላው። እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ።

«መሣሪያሽ ይህን ጊዜ ምን ይለዋል?» አለ ቀበቶውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ።

«ይጥለዋል።»

«ምን ብሎ?»

እውነቱን ነገርኩት። «ቀበቶው ውስጥ ሰው የለም ብሎ።»

የተማሪ መልስ እንደሚያርም አሰበበት። «ታዲያ ምኑን ተሳሳተ?» አለ።

ያኔ አለቀስኩ። ጭንቅላቴ ላይ እጁን ጫነልኝ፣ ልጅ ሳለሁ ወድቄ ስነሳ እንደሚያደርገው። እንባዬን ጠርጌ የሚቀለኝን ነገር አሰብኩ። እህቴ ውጤቱን ሰምታለች፣ ተቀብላለች። ደንቡ የታወቀ ደንብ ነው፤ ማንም አያርመውም። ዝም ካልኩ ቤቱ አይዘጋም፣ አባቴም እንደተመኘው በቤቱ ይኖራል።

«ከፈለግክ እንዳለ እንተወዋለን» አልኩት። «ለእትዬ የነገርኳት ነገር ይበቃታል።»

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። ደረቴ መሬት ሳይነካ ስነሳ የሚያየኝ አስተያየት ነበር።

«ግማሽ ወርዶ የተነሳ?» አለ።

«አልወረደም» አልኩ።

«እንግዲያው ለእህትሽ ደውዪላት። መሣሪያው ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ይላል በያት። ትምጣና ትውሰደኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩላት። ሲጠራ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

«ልጆቿ አሁንም እንደዚያው ይረብሻሉ?» አለኝ።

«ጉድ ነው አባባ። አንዲት ደቂቃ አያስቀምጡህም።»

«ጥሩ» አለ፤ እህቴ ስልኩን ስታነሳም እጁን ዘረጋልኝ፣ ራሱ ሊነግራት።